የሮብዓም ካፖርት

መንግሥት ሲከፈል ልጆቹ ለማን ይደርሳሉ?

ይህን የጠየቀችኝ የልጅ ልጄ ቢታንያ ናት። ስምንት ዓመቷ ነው። ማክሰኞ ከትምህርት ቤት አምጥቻት፣ እዚህ እንግሊዝ አገር ባተርሲ፣ እናቷ ቤት፣ ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጣ፣ ፓስታዋን በሹካ እየጠቀለለች ቀና እንኳ ሳትል ነው የጠየቀችኝ። እሑድ በቤተ ክርስቲያን የልጆች ክፍል ስለ ንጉሥ ሮብዓም ተምረዋል፤ ሕዝቡ ሸክም አቅልልልን ብሎ ሲለምነው፣ አባቴ በአለንጋ ቢገርፋችሁ እኔ በጊንጥ ነው የምገርፋችሁ ስላለው ንጉሥ። አሥሩ ነገድ ጥሎት ወደ ሰሜን ሄደ፣ ሁለት ብቻ ቀሩለት።

«አያዬ፣ ነገዶቹን ቆጥረዋቸዋል» አለችኝ። «ኪድስ ግን ወዴት ሄዱ? ባይብሉ አይልም።»

«ብዪ፣ ይቀዘቅዝብሻል» አልኳት።

 ጥያቄው ስለ እስራኤል ብቻ ቢሆን ፓስተሩን ጠይቄ እነግራት ነበር። ግን ልጄ ማህደርና ባሏ ቤኪ ከተነጋገሩ ሦስት ሳምንት አልፏቸዋል። «ለአባትሽ ወተት አልቋል በይው»፣ «ለእናትሽ አይቻለሁ በያት» ይባባላሉ፤ መካከል ሆና የምታመላልሰው ይህችው ልጅ ናት። በዚያ ላይ የዚያኑ ዕለት ቫኪዩም ሳደርግ የማሽኑ አፍ አልጋቸው ሥር ካለ ነገር ጋር ተጋጨ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቀይ ሻንጣ ነው። ገፋ ባደርገው ከበደኝ።

እኔ እንግዲህ ፈሪ ሴት ነኝ። ከቤቴ ስወጣ ጋዙን ሦስት ጊዜ ቼክ ሳላደርግ አልወጣም፤ ከዚያም ከደረጃው ተመልሼ አራተኛ አያለሁ። ከልጄ ቤት ስወጣም መስኮቱን ዝጉ፣ ካልሲ አድርጉላት፣ ዶሮዋን ከፍሪጅ አውጡ ሳልል እግሬ አይነሳም። ቤኪ አንድ ቀን ስንብቴን በሰዓት ይዞ «አሥራ አንድ ደቂቃ» ብሎ ስቆብኛል። ሻንጣ ሳይ ግን ከሁሉም ይብስብኛል። ነገሩ የቆየ ነው።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ብሪክስተን፣ እንደ ቀበሌ ያለው ካውንስል የሰጠን ፍላት አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አያቴ፣ አባቴ፣ እናቴና እኔ እንኖር ነበር። አያቴ ዘማርያም በአማርኛ የሚሰበሰብ አንድ ትንሽ ኅብረት የመሠረቱ ሰው ናቸው። ሁላችን ብንቆጠር ሠላሳ ብንሆን ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ የእንግሊዞቹን ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ እንከራያለን። አዳራሹ መቶ ሃያ ወንበር ነበረው። ሠላሳ ሰው ለምን መቶ ሃያ ወንበር እንደሚዘረጋ የጠየቀ የለም፤ አያቴ «የሚመጣውን አታውቁም» ይሉ ነበር። ማንም አይመጣም። ወንበሩ ግን በሙሉ ከመጋዘኑ ይወጣል፣ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል፣ ረድፉ እንዳይጣመም በሲባጎ ይለካል፤ ጸሎቱ ሲያልቅ ደግሞ ታጥፎ ይመለሳል። ከኤድመንተን በሁለት አውቶቡስ የሚመጡት ሰዎች አሜን ካሉበት ጊዜ ወንበር የተሸከሙበት ይበልጣል። ቢሆንም ያጉረመረመ አልነበረም። ሲባጎውን ይዘው መሬት ለመሬት እየተንበረከኩ የሚለኩት አያቴ ራሳቸው ነበሩና።

በዚያ ዓመት በብርዱ ወራት አያቴ ሞቱ። ሲባጎው ለአባቴ ለመኩሪያ ደረሰው።

አባቴ ሲባጎውን ተቀበለ እንጂ መንበርከኩን አልተቀበለም። ቆሞ ያዝዛል። በዚያው ሳምንት ከብሪክስተን ገበያ ጥቁር ሰማያዊ ካፖርት ገዛ፤ ወፍራም፣ የናስ አዝራር ያለው። ለመሪ የሚመጥን ልብስ ነው አለ። ኮሪደሩ ላይ ካለው ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቅሎ፣ ሌላ ልብስ እንዳይነካው ግራና ቀኙን ክፍት አስቀረለት።

የልጆች ክፍል አስተማሪያችን እታለማሁ ደግሞ በዚያው ሰሞን ስለ ሮብዓም ማስተማር ጀመረች። የእናቴ የልብ ጓደኛ ናት። ስድስት ሳምንት ሙሉ ከዚያ ምዕራፍ ንቅንቅ አላለችም። ዛሬ ሳስበው እኛን ከአዋቂዎቹ የሚለየን አንድ መጋረጃ ብቻ ነበር፤ ድምጿም ለሰባት ልጆች ከሚያስፈልገው በላይ ይጮኽ ነበር። ያኔ ግን ይህ አልታየኝም። እኔ ታሪኩን የሰማሁት እንደ ዜና ነው።

ለምን እንደ ዜና አልሰማውም? እስራኤል በሰሜን፣ ይሁዳ በደቡብ ናቸው አለችን። ኤድመንተን በሰሜን ነው፣ ብሪክስተን በደቡብ፣ መካከል ወንዝ አለ። በንጉሡ ላይ የተነሳው ኢዮርብዓም የሥራ ሹም ነበር አለችን። የእኛም የወንበር ሥራ ኃላፊ ቤንጃሚን፣ ትከሻው ሰፊ፣ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ኤድመንተን ነው የሚኖረው። የሚያጽናናኝ ስሙ ብቻ ነበር። አገር ቤት እያለ ብንያም ይባል ነበር፤ የብንያም ነገድ ደግሞ ከይሁዳ ጋር ነው የቀረው። ስለዚህ የትም አይሄድም አልኩ።

አንድ እሑድ ቤንጃሚን ባርኔጣውን በእጁ ይዞ አባቴ ፊት ቆመ። እኔ በመጋረጃው ቀዳዳ አያለሁ።

«ጋሼ መኩሪያ» አለ፣ «ሰው ደክሟል። ሠላሳ ነን፣ አርባ ወንበር ይበቃናል። ያቅልሉልንና እስከ መጨረሻው እናገለግልዎታለን።»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና «ሦስት ቀን ስጡኝ» አለ።

 ሮብዓምም ያለው ይህንኑ ነበር። አባቴ ሦስት ቀን ያለው ረቡዕ የዕረፍት ቀኑ ስለሆነ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ሰኞ ሁለት ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። አንደኛው አቅልልላቸው ብሎ መከረው፤ ሁለተኛው አንቀላፋ። ማክሰኞ አብረውት የተማሩ ሁለት ጎረምሶች መጡ፤ አሁን ከሸሸህ ለዘላለም ይንቁሃል አሉት። ለሽማግሌዎቹም ለጎረምሶቹም እራት ያቀረበችው፣ ሳህኑንም ያጠበችው እናቴ ሙሉነሽ ናት። አንቺስ ምን ትያለሽ ያላት አልነበረም።

ረቡዕ፣ አባቴ ቁጭ ብሎ ሲባጎውን ሲፈትል፣ እናቴ እጇን በፎጣ እያደረቀች ገባች።

«መኩሪያ፣ ደክሞኛል» አለችው። «ትንሽ አቅልልልኝ።»

እናቴ ሳይነጋ ተነስታ ቢሮ ታጸዳ ነበር። ቅዳሜ ለሠላሳ ሰው ታበስላለች። ቤት ውስጥ ደግሞ የስኒዎቹ ጆሮ ሁሉ ወደ መስኮቱ እንዲዞር፣ ፎጣው በአራት እንዲታጠፍ፣ ጫማ በቁመት እንዲደረደር ሕግ ነበረብን። አባቴ ለእሷም እስከ እሑድ እንደሚያስብበት ነገራት። እኔ ግን ለሕዝቡ እያማለደችለት መስሎኝ ኮራሁባት። ሕዝቡ እሷው እንደነበረች ሳውቅ የሁለት ልጆች እናት ሆኜ ነበር።

እሑድ አባቴ ካፖርቱን ሳያወልቅ ወደ ፊት ወጣ።

«አባቴ ወንበር ነበር ያሸከሟችሁ» አለ። «እኔ ፒያኖውንም አሸክማችኋለሁ።»

ፒያኖው አዳራሹ ግራ ጥግ ላይ የቆመ የእንግሊዞቹ ንብረት ነው። ከእኛ መካከል መጫወት የሚችል አንድም ሰው አልነበረም። አባቴ ግን የእግዚአብሔር ቤት ዕቃ በግራ መቆም የለበትም፣ እሑድ እሑድ ወደ ቀኝ ይወሰዳል፣ ሲያልቅ ወደ ግራ ይመለሳል አለ። ስድስት ወንዶች ተነስተው ገፉት። መሐል አዳራሹ ላይ ሲደርስ አንድ ጎማው ወለቀና ፒያኖው ወደ ጎን ዘመም ብሎ፣ ማንም ሳይነካው፣ ረጅም ድምፅ አሰማ።  ቤንጃሚን መወልወያ ጨርቁን አጣጥፎ ፒያኖው ላይ አስቀመጠ።

«እንግዲህ ቤታችንን እናውቀዋለን» ብሎ ወጣ።

ሃያ አምስት ሰው ተከተለው። እታለማሁም አብራ ሄደች። ሲወጡ የኅብረቱን ትልቅ የሻይ ማፍያ ይዘው ነው። ለአባቴ የቀረነው እናቴ፣ እኔና ሁለቱ ሽማግሌዎች ነን፤ ከእነሱም አንዱ የቀረው እንቅልፍ ስለወሰደው ነው። ጎረምሶቹ የት እንደገቡ አላየሁም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫማዬን ሳላራግፍ አላደርግም። እናቴ አየችኝና ምን ሆነሽ ነው አለችኝ። ጊንጥ ካለ ብዬ ነው አልኳት። «ብሪክስተን ጊንጥ የለም» አለች። ከዚያ የራሷን ጫማ አንስታ አራገፈች።

በሳምንቱ መካከል እታለማሁ አባቴ በሌለበት መጣች። ሁለቱ ወጥ ቤት ገብተው ቧንቧ ከፍተው ነበር የሚያወሩት። እኔ ከበሩ ጀርባ ነኝ።

«ኤድመንተን አንድ ክፍል አግኝቼልሻለሁ፣ እቴ። ለአንቺና ለልጅቷ ይበቃል። ሰኞ እሱ ሥራ ሲገባ ትወጫለሽ።»

እናቴ ቧንቧውን የበለጠ ከፈተችው።

ለካ እኛም ከአሥሩ ነገድ ጋር ተቆጥረናል።  እኛ ከሄድን ለአባቴ ማን ይቀረዋል? አንድ ነቅቶ የሚያድር ሽማግሌና አንድ የሚተኛ ሽማግሌ። የዚህ ዓይነት መንግሥት በመጽሐፍ ቅዱስም የለም። ግን አንድ ተስፋ ነበረኝ። እታለማሁ እንዳስተማረችን መንግሥቱ የሚከፈለው ነቢዩ አኪያ አዲስ ልብስ ይዞ አሥራ ሁለት ቦታ ሲቀድድ ነው። እስካሁን የተቀደደ ልብስ አላየሁም። ስለዚህ መከፈሉ ገና አልጸናም። ቤታችን ውስጥ ያለው አዲስ ልብስ ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ተመልሼ ብቻዬን ሳለሁ በሩ ተንኳኳ። ረጅም ሰውዬ ነው፣ ጢሙ እስከ ደረቱ። ባትሪ ይዟል። ቆጣሪ ላንብብ አለ። የመብራት ቆጣሪያችን ያለው ኮሪደሩ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከካፖርቱ ጀርባ ነው። (ዛሬ ቢታንያን ማንም ቢያንኳኳ እንዳትከፍት አስምያታለሁ።) ሰውዬው ቁም ሳጥኑን ከፈተና ካፖርቱን በሁለት እጁ ያዘው።

ዘልዬ እጅጌው ላይ ተንጠለጠልኩ። «አትቅደደው» እያልኩ በአማርኛ አለቀስኩ። ነቢይ ከሆነ አማርኛ አያቅተውም ብዬ ነው። ምስኪኑ ሰው ባትሪውን ጥሎ በርከክ አለ፣ ይቅርታ ይቅርታ አለኝ፣ ቁጥሩንም ሳያነብ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ቁጥሩን ራሳችን እንድንሞላ በበሩ ሥር ካርድ ብቻ ይጥልልን ነበር።

ካፖርቱ እዚያ መቆየት እንደማይችል ገባኝ። ጎትቼ ወደ እናትና አባቴ መኝታ ቤት ወሰድኩት፤ አልጋው ሥር ቡናማ ሻንጣ አገኘሁ። ስከፍተው የእናቴ ቀሚሶች አሉ። የእኔ አዲሱ የትምህርት ቤት ሹራብ አለ። ፒጃማዬም አለ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። እናቴ ከማንም ጋር አልተቆጠረችም፤ እሷም እንደኔ ልብሶቻችንን ከነቢዩ እየደበቀች ነው! ቸኩላ የአባቴን ረስታዋለች። እጅጌውን ወደ ውስጥ አጥፌ ከላይ አስቀመጥኩት፤ ክዳኑ አልዘጋ ሲለኝ ተቀመጥኩበት።

እሑድ መጣ። አባቴ ጠዋት ጺሙን ተላጭቶ ወደ ኤድመንተን እንደሚሄድ፣ የሻይ ማፍያውን እንደሚያስመልስ አስታወቀ። ነቅቶ የሚያድረው ሽማግሌ አብሮት ሊዘምት ታች አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ይጠብቀዋል።

«ካፖርቴስ?» አለ።

ቁም ሳጥኑን አየ። የበሩን ጀርባ አየ። መታጠቢያ ቤቱን ሳይቀር አየ። እናቴ ሳህን እያጠበች ነበር፤ መኝታ ቤት ገብቶ በጉልበቱ ሲወርድ ስትሰማ ውኃውን ዘጋች። እጇ እየተንጠባጠበ መጣች። 

ሻንጣውን ጎትቶ ከፈተው። ካፖርቱ ከላይ ነው። አነሳው። ከሥሩ የእናቴን ቀሚሶች አየ፣ ቀጥሎ ሹራቤን፣ ቀጥሎ ፒጃማዬን። አባቴ ሞኝ አልነበረም። ፊቱ እንደዚያ ሲለወጥ ጊንጥ ያየ መስሎኝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። ከዚያ ካፖርቱን እንደገና አየው። አስተጣጠፉን አየው።

«ሙሉነሽ» አለ። ድምፁ ቀጥኗል። «እኔንም?»

እናቴ ካፖርቱን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ በኩራት ፈገግ እላለሁ፤ ምስጢራችን ነው ማለቴ ነው። ረጅም ጊዜ አየችኝ።

«ኤድመንተን ይበርዳል» አለችው።

ከመሞቷ ሁለት ዓመት በፊት፣ እግሯን ሳሽላት፣ ይህን ቀን አንስተን ነበር። «ከተትኩት አላልኩ፣ አልከተትኩትም አላልኩ» አለችኝ። «ስለ ብርዱ ብቻ ነው የነገርኩት። ብርዱም እውነት ነው።» አባቴ ልትሄድ ስትነሳ እሱንም እንደከተተችው አምኖ ኖረ፣ እንዳመነ ሞተ። ቁጣው ሲነሳ ካፖርቱ ወደተሰቀለበት ዞር ብሎ ያይና ድምፁን ይቀንስ ነበር። እኔም አልነገርኩትም። ይህ ኃጢአት ይሁን አይሁን ፓስተሩን ልጠይቅ እልና፣ አባቴ ከሰማይ ቢሰማኝስ ብዬ እተወዋለሁ።

ያን ዕለት አባቴ አልጋው ላይ ተቀምጦ ካፖርቱን ጉልበቱ ላይ ይዞ ቆየ። ቀጥሎ ለበሰው። አዝራሩን እስከ አንገቱ ቆለፈና ሄደ። ወደ ጦርነት የሄደ መስሎኝ በመስኮት ተሰናበትኩት። ሲመሽ ተመለሰ፤ መዳፉ በአቧራ ጠቁሯል፣ የሻይ ማፍያውንም አልያዘም። በኢዮርብዓም ተሸነፈ ብዬ አዘንኩለት።

የሆነውን ቤንጃሚን ነው የነገረኝ፣ በሠርጌ ቀን። አባቴ አዳራሻቸው ሲገባ ሁሉም ሄደው የሻይ ማፍያውን ከበቡ። እሱ ካፖርቱን አውልቆ ሰቀለና ስንት ወንበር እንደሚታጠፍ ጠየቀ። አርባ አሉት። አርባውንም ተንበርክኮ አጣጠፈ። ሲጨርስ ሲባጎ ይኖራቸው እንደሆነ ጠየቀ፤ የለንም አሉት፤ ግድ የለም አለ። ሁለቱ ኅብረቶች ዳግመኛ አንድ አልሆኑም፤ እንዲያውም እርስ በርሳቸው እየተከፈሉ የመጨረሻ ጊዜ ስቆጥር ዘጠኝ ደርሰዋል። በማግስቱ ሰኞ ግን እኛ የትም አልሄድንም። ከትምህርት ቤት ስመለስ የስኒዎቹ ጆሮ በየአቅጣጫው ዞሯል፤ እስከ ምሽት ያስተካከለው አልነበረም።

እንግዲህ ማክሰኞ፣ ቢታንያ ፓስታዋን ትታ ሥዕል ስትጀምር፣ ኮሪደር ላይ የተሰቀለውን የቤኪን ጃኬት አውርጄ ወደ መኝታ ቤታቸው ገባሁ። በዚህ ዕድሜዬ የሰው ሻንጣ መክፈት ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ከፈትኩት።

የወንድ ሸሚዝ ነው። መላጫ፣ የሥራ ጫማ፣ ቀበቶ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጄን በልቤ ስወቅስ ከርሜ ለካ የሚሄደው እሱ ኖሯል። ለዕረፍት ሊሄድ ይሆናል አልኩ ለራሴ። ከሸሚዞቹ ሥር ግን ቢታንያ የሳለችው፣ ፍሪጁ ላይ ተለጥፎ የነበረው የሦስታቸው ሥዕል ተቀምጧል። ለዕረፍት የሚሄድ ሰው ይህን ነቅሎ አይሄድም።

ጃኬቱን መልሼ ሰቀልኩ። የማህደርን አረንጓዴ ካፖርት አወረድኩ። እጅጌውን ወደ ውስጥ አጥፌ ከላይ ሳስቀምጠው ቢታንያ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«አያዬ፣ እሱ እኮ የማሚ ነው።»

ቤኪ ካፖርቱን ከላይ ሲያገኘው ሚስቴ ከተተችው ይል ይሆን? ወይስ አሮጊቷ አበደች ይላል? ማህደርስ ብትጠየቅ ምን ትመልስ? አላውቅም። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ። ልጅቷ አየችኝ፣ አየችኝና የራሷን ጣት ከንፈሯ ላይ አደረገች።

ያን ጊዜ የውጭው በር ቁልፍ ሲዞር ሰማን። ሻንጣውን ወደ ቦታው ገፍቼ ወጣሁ።

«እማዬ፣ ደህና ዋሉ?» አለኝ ቤኪ። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። ራሴን ነቅንቄ ቦርሳዬን አነሳሁ፣ ሻሼን አሰርኩ። የወጥ ቤቱ መስኮት ክፍት ነበር። ልጅቷ ካልሲ አላደረገችም። ጋዙን አንድ ጊዜ እንኳ አላየሁትም። ቤኪ ሊያስቀኝ ፈልጎ መሰለኝ በሩን በአንድ እጁ ይዞ፣ ሰዓቱን ወደ ፊቱ አንስቶ ስንብቴን ጠበቀ።

አፌን ገጥሜ በአጠገቡ አለፍኩና ደረጃውን ወረድኩ።